ፀሐይ የሚገባበት ቤት

«አይ፣ ማንም የለም። እናቴ ብቻ ናት ያለችው» ሲል ከሁለቱ ታናናሽ ወንድሞቿ ትልቁ በስልክ እያወራ፣ እትዬ ከፊቱ ቆማ ሻዩን እየቀዳችለት ነበር። ድምፁን ዝቅ አላደረገም፣ ፊቱንም አላዞረም፤ እንዲያውም በዓይኑ ስኳሩን አሳያት። ሁለት ማንኪያ ጨምራ አማሰለችለትና ብርጭቆውን አጠገቡ አኖረችው። እሱም በዚያኛው ጫፍ ላለው ሰው «እሷም ብትሆን አልጋ ላይ ናት፣ አታስቸግርም» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ሻዩን አንዴ ፉት አለና «ያቃጥላል» አላት።

እትዬ የሚሏት ወንድሞቿ ብቻ አይደሉም። የሁለቱም ታላቅ ስለሆነች በልጅነታቸው ያወጡላት ስም ሰፈሩን አዳርሶ፣ ባለሱቁም፣ ውሃ ቆጣሪ የሚያነበውም፣ አሁን አሁን የወለደቻት እናቷም ሳትቀር እትዬ ይሏታል። ሃምሳን አልፋለች። ድሮ ስልክ ቤት ኦፕሬተር ነበረች። እናቷ ደረጃ ላይ ወድቃ ዳሌዋን የተሰበረች ጊዜ ማን ያስታምማት የሚል ጥያቄ ተነሳ፤ ተነሳ እንኳን አይባልም፣ ወንድሞቿ እርስ በርስ ተያዩና ሁለቱም ወደ እሷ ዞሩ። ከዚያ ወዲህ እናቷን እያገላበጠች፣ በትርፍ ሰዓቷ የተማሪ ልብስ ለሚሰፋ ሰው ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ትተክላለች።

«ምንድን ነው እሱ?» አለችው።

«የኢንሹራንስ ነገር ነው።» ትልቁ ወንድሟ ኢንሹራንስ ቢሮ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ በዚህ ቤት የማይገባ ነገር ሁሉ ኢንሹራንስ ነው። «የሚኖረው ሰው በበዛ ቁጥር ክፍያው ይወደዳል። ከሰዓት ሰዎች ይዤ እመጣለሁ፣ ቤቱን ማየት አለባቸው። ጠረግ ጠረግ አድርጊው፣ አየርም አስገቢበት። መድኃኒት መድኃኒት ይላል።» ለእናቱ ከክፍሏ በር ላይ እጁን አውለብልቦላት ወጣ። እትዬ አመነችው። ያመነችው ነገሩ የሚታመን ሆኖ አልነበረም፤ በሩን ሲከፍተው የገባው ብርሃን እንደ ትናንቱ ስላልሆነባት ነው።

ክረምቱ ዘንድሮ ክፉ ነበር። ልብስ ሳይደርቅ ይሸታል፣ ክብሪት እየጫሩት አልነድም ይላል፣ የእናቷ ክፍል ግድግዳ እንደ በሽተኛ ግንባር ላብ ያወርዳል። ብርዱ እንዳይገባ መስኮቱን በላስቲክ ወጥራ በሚስማር መትታው ስለነበር፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ እንደ አጓት የገረጣ ብርሃን ብቻ ነበር። ዛሬ ግን ወንድሟን ሸኝታ በሩ ላይ እንደ ቆመች ፀሐይዋ አንገቷ ላይ አረፈችባት። የግቢው ኮክ፣ ባለፈው ሳምንት ደረቅ እንጨት የነበረው፣ ቅርንጫፉ ሁሉ ሮዝ ሮዝ ነቁጥ አውጥቷል። ጎረቤቷ ነርሷ ፍራሿን አጥር ላይ ሰቅላ በመጥረጊያ እንጨት ትደበድባለች። «እትዬ፣ መጣች እኮ!» አለቻት፣ ፀሐይዋን እንደ ጠፋ ዘመድ በአገጯ እያሳየች። «መጣች» አለች እትዬም፣ ሳታስበውም ሳቀች። ጠረጴዛው ላይ የሸሚዝ ክምር ይጠብቃት ነበር። አንሶላ ጣል አደረገችበትና ወደ እናቷ ክፍል ገባች።

ላስቲኩን ከመስኮቱ ስትገነጥል እናቷ ነቃች።

«ምን እያፈረስሽ ነው?»

«ክረምቱን።»

«ታዲያ ቀስ ብለሽ አፍርሺዋ፣ ሰው ተኝቷል።»

እናቷ ሰማንያን የተጠጋች፣ ከወገቧ በታች ሰውነቷ የከዳት፣ ምላሷ ግን እንደ አዲስ ምላጭ የሆነ ሴት ናት። «ዛሬ ትወጫለሽ» ብትላት «እኔ የምወጣው በአራት ሰው ሸክም ነው፣ እሱም ገና ነው» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እትዬ አልሰማቻትም። ተሽከርካሪ ወንበር የላቸውም፤ ታናሹ ወንድሟ ሳላመጣው ወር አያልፍም ካለ ስንቱ ወር አልፏል። እትዬ ግን የራሷ ዘዴ ነበራት። ወፍራሙን ብርድ ልብስ ወለሉ ላይ ዘረጋች። እናቷን በብብቷ ስር ይዛ፣ በተሰበረው ዳሌ በኩል ያለውን እግር በራሷ ጭን ደግፋ፣ ከአልጋው እያንሸራተተች አውርዳ ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጠቻት። ከዚያ ሁለቱን ጫፍ ጨብጣ ወደ ኋላዋ እየተራመደች በተወለወለው ሊሾ ላይ ትጎትታት ጀመር። «ኧረ ቀስ፣ ሹፌር! ተሳፋሪ አለ!» ትላለች እናቷ፣ በመንገዷ ያገኘችውን ሁሉ፣ የአልጋውን እግር፣ የቁም ሳጥኑን ጥግ፣ የበሩን መቃን በእጇ እየዳበሰች። ኮሪደሩ ላይ ሲደርሱ የተሰቀለውን የባሏን ፎቶ ከታች ወደ ላይ አየችው። ለብዙ ጊዜ አላየችውም ነበር። «አፍንጫው ይሄን ያህል ነበር እንዴ?» አለች። ብርድ ልብሱ ከእትዬ እጅ አመለጠ። ኮሪደሩ መሃል ላይ፣ አንዷ ተቀምጣ ሌላዋ ግድግዳ ተደግፋ፣ ሆዳቸውን እስኪያማቸው ሳቁ።

ደፉ ላይ አንዲት ደረጃ አለች። እናቷ ክንዶቿን እትዬ አንገት ላይ ጠመጠመች፣ እትዬ ወገቧን አቀፈቻት፣ እንዲያ እንደ ተያያዙ ግማሽ ዙር ዞረው ወረዱ። «አባትሽ እንኳን እንዲህ አቅፎ አላስደነሰኝም» አለቻት እናቷ በጆሮዋ። ኮኩ ስር ባለመደገፊያው ወንበር፣ ትራስ ከኋላ፣ ትራስ ከጎን፣ የሱፉ ካልሲ ወልቆ እግሮቿ ሲሚንቶው ላይ። እነዚያ እግሮች ነጭ ሆነው፣ ቆዳቸው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቶ ነበር። እናቷ ሲሚንቶው ሲሞቃት ጣቶቿን ዘረጋጋቻቸው። ዓይኗን ጨፍና «ለካ አለች» አለች፣ ፀሐይዋን።

ያ ጠዋት እንደዚያ ሄደ። እትዬ በሳፋ ለብ ያለ ውሃ አምጥታ የእናቷን ፀጉር አጠበች፤ ውሃው ሲሚንቶው ላይ ፈስሶ እንፋሎቱ ሲነሳ ሁለቱም እንደ ትልቅ ትዕይንት አዩት። ፍራሹን አውጥታ ፀሐይ አስመታችው። መጋረጃዎቹን አጥባ ሰጣች፣ ወለሉን ወለወለች፣ መስኮቶቹን በጋዜጣ ፈተገች። ብርቱካን ሰጥታት ነበርና እናቷ በአውራ ጣቷ እየላጠች፣ ጭማቂው በአገጯ እየወረደ፣ ፍሬዎቹን እየቆጠረች ወደ አጥሩ ትተፋለች፤ አንዱ አጥሩን አልፎ ሲሄድ «አየሽ?» አለች። ሥራው ሲያልቅ እትዬ ሸሚዞቿን አምጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። ክሩን በመርፌው ቀዳዳ በመጀመሪያው ሙከራ አስገባችው፤ ክረምቱን ሁሉ በመብራት ስትታገል ነበር። እንዲህ ከሆነስ ይቻላል፣ ብላ አሰበች። ምን እንደሚቻል ለራሷም አላብራራችም።

ከሰዓት ወንድሞቿ ሁለቱም መጡ። አብረው ሲመጡ ካየቻቸው ቆይታለች። ከኋላቸው ባልና ሚስት ነበሩ፤ እሱ የመኪና ቁልፍ በጣቱ ላይ የሚያሽከረክር ወፍራም ሰው፣ እሷ ልጅ እግር፣ ሆዷ የገፋ። ሰውየው እንደ ገባ ግድግዳውን በጣቱ አንጓ ያንኳኳ ጀመር። ሚስቱ ግን የግቢውን በር እንዳለፈች ቆመች። «ውይ፣ ግቢው!» አለች። የእትዬ እናት ከወንበሯ ሆና «ኑ፣ ግቡ፣ ቤት ለእንግዳ» አለች ድሮ ታስተናግድበት በነበረው ድምፅ። «እትዬ፣ ወንበር አምጪላት። እርጉዝ አይቆምም።» ልጅቷ ተቀመጠች። ጫማዋ አጣብቋት ነበርና አወለቀችው፣ ያበጡ እግሮቿን ከእትዬ እናት እግሮች ጎን ሲሚንቶው ላይ አሳረፈቻቸውና ተነፈሰች።

«ሁልጊዜ እንዲህ ፀሐይ ይገባል?» ብላ ጠየቀች።

እትዬ ስለ ቤቷ ጠይቋት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። «ጠዋት ከኩሽናው በር ነው የምትጀምረው» አለቻት፣ በመርፌው እየጠቆመች። «ቀትር ላይ እዚህ ናት። አሁን ደግሞ ያንን መስኮት ይዛ እስከ ውስጠኛው ግድግዳ ድረስ ትገባለች፣ ላሳይዎት እችላለሁ። አጥሩ ከፍ ስላለ ንፋስ የለም። የሕፃን ልብስ ቢያሰጡ ሻይ ጠጥተው ሳይጨርሱ ይደርቃል። ኮኩ ሲያፈራ ደግሞ ጎንበስ እያሉ መልቀም ነው፣ መሰላልም አያስፈልግ።» ስታወራ ጉንጯ ቀላ። ትልቁ ወንድሟ ከኋላ ቆሞ ራሱን ይነቀንቃል፤ አንድ ቃል አልጨመረም፣ አላስፈለገውምም። ልጅቷ ወደ ባሏ ዞራ «ሰማህ? አልኩህ እኮ!» አለች። ባልየው የእትዬን እናት ክፍል ግድግዳ በመዳፉ መታ መታ አደረገ። «እሺ። ይቺ ክፍል ፈርሳ መኪና ማቆሚያ ትሆናለች። ዛፉ መንገድ ላይ ነው፣ ይነሳል።» ኢንሹራንስ ዛፍ ይቆርጣል እንዴ? አለች እትዬ በልቧ። ልጅቷ በዚሁ መሃል፣ ክፋት በሌለበት ድምፅ፣ «እርስዎስ ቤቱን ሲለቁ ወዴት ሊገቡ አሰቡ?» ብላ ጠየቀቻት።

እትዬ ትልቁን ወንድሟን አየችው። እሱ ኮኩን አየ። ታናሹ ስልኩን አየ።

«እሷ እናታችንን የምታግዝልን ናት» አለ ትልቁ ፈጠን ብሎ። «ለእሷ ችግር የለም።»

ልጅቷ የእትዬን ፊት፣ ቀጥሎም የወንድሟን ፊት፣ ያንን ሁለቱም ላይ ያለውን ትልቅ አፍንጫ አስተያየች። ጎንበስ ብላ ጫማዋን አጠለቀች፤ እንግዶቹ የቀረውን ክፍል ቶሎ ቶሎ አይተው ሄዱ።

ትልቁ ወንድሟ ሸኝቷቸው ሲመለስ ፊቱ ፈክቶ ነበር። «እትዬ፣ ጎበዝ! እማዬን ማውጣትሽ፣ መጋረጃው፣ ምኑ! ቤቱ ነፍስ ያለው ሆኖ ታየ። ሳይከራከሩ ነው እሺ ያሉት።» እትዬ መርፌዋን አንድ ሸሚዝ ኮሌታ ላይ ሰካች። ለምን አልነገራችሁኝም አለችው። እሱ ሊነግራት እንደ ነበር፣ ጊዜው እንዳልተመቸ፣ እናታቸው እሱ ጋ እንደምትገባ፣ ሳሎኑ ውስጥ አልጋ እንደሚዘረጋላት አወራ። «ቦታ ስለሚጠብ አንቺ ቀን ቀን ትመጫለሽ፣ ማታ ማታ ትሄጃለሽ። ክፍል እንፈልግልሻለን። ትንሽዬ። ለብቻሽ ምን ያደርግልሻል ትልቅ?» ታናሹ ከስልኩ ቀና ሳይል «እማዬ ታውቃለች» አለ።

እትዬ ወደ እናቷ ዞረች። እናቷ የብርቱካን ልጣጩን ጭኗ ላይ እየደረደረች ነበር።

«ቤቱ ይሸጥ ብዬ ፈርሜያለሁ» አለች። «በክረምቱ፣ አንቺ መድኃኒት ልታመጪ በወጣሽበት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ታኮርፊያለሽ። ከኩርፊያ ጋር ሾርባ መጠጣት አልወድም።»

«እነሱንስ ለምን እሺ አልሻቸው?»

እናቷ ልጆቿ አጠገቧ መቆማቸውን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። «እነሱ ከተቀየሙኝ ይቀራሉ። አሁንም እየቀሩ ነው፣ ጭራሽ ይቀሩብኛል። አንቺማ የትም አትሄጂም» አለች፣ ውሃ ያርሳል፣ እሳት ይፈጃል እንደሚባለው፣ ማንም እንደሚያውቀው ነገር።

እትዬ ሽርጧን ፈታች። ውስጥ ገብታ ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። የክረምቱን ጫማ ለመቀየር እንኳን አልቆመችም። «የት ልትሄጂ ነው?» አላት ትልቁ። «አየር ልቀበል» አለችና የግቢውን በር ከኋላዋ ሳትዘጋው ሄደች።

ልታለቅስ ነበር የወጣችው። የሚለቀስበት ቦታ ግን አጣች፤ ከተማው በሙሉ ደጅ ወጥቷል። ፀጉር አስተካካዩ ወንበሩን መንገድ ላይ አውጥቶ ሰው ይላጫል፣ ተላጩ አረፋ እንደ ተቀባ ፊቱን ለፀሐይ ሰጥቶ አንቀላፍቷል። ሴቶች ሹራባቸውን አውልቀው ወገባቸው ላይ አስረዋል። የአውቶቡሶቹ መስኮት ሁሉ ተከፍቶ ክንድ ተንጠልጥሎበታል። የእግረኛው መንገድ መሃል ላይ አንድ ውሻ አራት እግሩን ዘርግቶ ተኝቷል፣ ሹመኛ የመሰለ ባለከረባት ሳይቀር በአክብሮት ይዞረዋል። እትዬ ውሻው ጋ ስትደርስ ሳቋ መጣ። ልቧ እንደዚያ እየተቃጠለ እግሯ ግን ደስ ብሎት ይራመድ ነበር፤ ሰውነቷ እሷን ሳያማክር ራሱን ችሎ ፀሐይዋን ይጠጣል። ይህ አናደዳት። ቢያንስ ዛሬ፣ አለች፣ ቢያንስ ለአንድ ቀን እንኳን ሰውነቴ ከእኔ ጋር ቢያዝን ምን ነበረበት?

ከድሮው መሥሪያ ቤቷ ፊት ለፊት ካለው መናፈሻ በር ላይ አይስክሬም የሚሸጡ አሮጊት ነበሩ። «ለልጅ ልጅ ነው?» አሏት። «ለራሴ ነው።» ሴትየዋ አየት አደረጓትና «እንግዲያው ሁለት ማንኪያ ልጨምርልሽ» አሉ። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ መብላት ጀመረች። ብርዱ ጥርሷን ነዘራት። የመጨረሻውን መቼ እንደ በላች ልታስታውስ ስትሞክር ስልኳ ጠራ።

«እትዬ፣ እማዬ እየበረዳት ነው» አለ ትልቁ፣ እያለከለከ። «ልናስገባት አልቻልንም። ስናነሳት ትጮሃለች። ነይ በቃ!» ከኋላው የእናቷ ድምፅ ይሰማል፣ «ወይኔ፣ ገደላችሁኝ! እሷን ጥሩልኝ!» እትዬ አይስክሬሙን ወደ ግራ እጇ አዛወረች። ከአፏ የወጣው ድምፅ ለዓመታት ያልተጠቀመችበት፣ የስልክ ቤቱ ድምፅ ነበር፤ የማይቸኩል፣ የማይቆጣ፣ የማንም ያልሆነ። «ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገው። አንዳችሁ ከኋላዋ ቁሙ። በብብቷ ስር፣ በክንዷ አይደለም። ያዝክ? ሌላኛው ቀኝ ጉልበቷን በጭኑ ይደግፍ። እግሩ ለብቻው አይንጠልጠል። አሁን እሷን ጠይቋት፣ እሺ ስትል ብቻ አንሱ።» ለጥቂት ጊዜ ትንፋሽና የወንበር መንቋቋት ብቻ ተሰማ። ከዚያ እናቷ «እህ» አለች፣ እንደ ዳነ ሰው። ብርድ ልብሱን እንዴት እንደሚጎትቱ፣ ደፉ ላይ እንዴት እንደሚያዞሯት፣ ትራሱን የት እንደሚያደርጉ አንድ በአንድ ነገረቻቸው። «ገባች?» «ገባች» አለ ወንድሟ፣ ድምፁ አልቆ። «መቼ ነው የምትመጪው?»

«አይስክሬም እየበላሁ ነው።»

«ምን?»

«አይስክሬም» አለችና ዘጋችው። ቀልጦ እስከ አንጓዋ ወርዶ ነበር። ዙሪያዋን አየት አድርጋ ላሰችው።

ቤት ስትደርስ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነበር። ታናሹ ሄዷል። ትልቁ ኮቱን ለብሶ በሩ ላይ ይጠብቃታል። «እኛ እኮ ሥራ አለን፣ እትዬ» አላት። «ለማንኛውም ስለ ክፍሉ ጉዳይ በሚቀጥለው...»

«የምገባበትን ክፍል እኔው እፈልጋለሁ» አለችው። «ቀን ቀን የምትመጣ ሰው ግን እናንተ ፈልጉ። ዛሬ ጀምሩ፣ ቶሎ አይገኝም።»

ሳቀ፤ እንደ ቀልድ ሊወስደው ፈለገ። ፊቷን ሲያይ ሳቁ አፉ ላይ ቀረ። የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ሄደ።

እናቷን አልጋው ላይ ዘቅዝቀው አስተኝተዋት ነበር፣ ራሷ በግርጌ፣ እግሯ በራስጌ በኩል። እትዬ አዙራ አስተካከለቻት፣ ትራሱን ከጉልበቷ ስር ወሸቀችላት። እናቷም ተዟዟረችላት።

«የት ነበርሽ?» አለች በመጨረሻ።

«ከተማ።»

«ምን አለ ከተማ?»

እትዬ ነገረቻት። ስለ ፀጉር አስተካካዩ፣ አረፋ ተቀብቶ ስለ ተኛው ሰውዬ፣ ባለከረባቱ ለውሻው መንገድ እንደ ለቀቀለት። እናቷ ስለ ውሻው ስትሰማ ሳቀች፣ አልጋው ተንቀጠቀጠ። እትዬም ሳቀች። ከዚያ ሳቁ አለቀና ክፍሉ እየደነገዘ መጣ፤ መብራት ሊያበራ የተነሳ የለም።

«ደስ አለሽ?»

«አዎ።»

«እኔ ግን ፈራሁ» አለች እናቷ። «አትመጪም ብዬ ፈራሁ።»

«ዛሬማ መጣሁ» አለች እትዬ።

የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነበር። እናቷ በድንግዝግዙ ውስጥ በእጇ ስትዳብስ ቆይታ የእትዬን ቀሚስ ጫፍ አገኘችውና ጨበጠችው። እትዬ እጁን አላስለቀቀችውም። አልያዘችውምም።